ዐሥራ አራት ሰው የመሰከረለት ጉድጓድ

ናሁሰናይ ላሎ ሜዳ የደረሰው ሁለቱ የሰሊጥ አጫጆች በተቀበሩ በአምስተኛው ቀን ነው። ከጎንደር እስከ ሸሕዲ በአውቶቡስ፣ ከሸሕዲ ወዲያ ደግሞ ባዶ በርሜል በጫነ የትራክተር ተሳቢ ላይ ተፈናጦ፣ የጥቅምት ፀሐይ አናቱን ሲበሳው ውሎ መጣ። ጭኑ ላይ ባስቀመጣት ቦርሳ ውስጥ አንድ እጥፍ ወረቀት ነበረ፤ መንገዱን ሙሉ አንዴም አላወጣውም። ምን ሊያደርግለት? ራሱ የሠራው ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ ሊያነበው ይችላል።

ወረቀቱ የመተማና የቋራ ቆላ የውኃ ቦታዎች ካርታ ነው። ሁለት መቶ ስድስት ሰማያዊ ክቦች አሉበት፤ ክቡ በገዘፈ ቁጥር የመሰከሩለት ሰዎች በዝተዋል ማለት ነው፤ ብዛታቸውም ከክቡ ሥር ተጽፏል። ከሁሉም የገዘፈው ቁጥሩ አንድ መቶ ዐሥራ ሰባት ነበር። አጫጆቹ አዛናውና ሰማኸኝ የሞቱት ይህንኑ ክብ ፍለጋ ወጥተው ነው፤ ያውም አጥተውት ሳይሆን አግኝተውት፣ መካከሉ ላይ ቆመው።

ነገሩ ሲጀመር በበጎ ሐሳብ ነበር። አንድ የተራድኦ ፕሮጀክት፣ በአጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ውኃ ጥም እንዳይፈጃቸው ብሎ፣ ከየመንደሩ ለተውጣጡ አርባ በጎ ፈቃደኞች ስልክ አደለ። ፈቃደኞቹ ያለ ምንም ክፍያ፣ በ2007 ዓመተ ምሕረት በጋ፣ ውኃው የማይነጥፍበትን ጉድጓድና የቆላው ሰው ሀፊር የሚለውን የተቆፈረ ኩሬ ሁሉ እየዞሩ በስልኩ ቅጽ መዘገቡ። ናሁሰናይ ጎንደር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው ነው፤ የተቀጠረው አንድ ጥያቄ እንዲመልስ ነበር፦ ያልሠለጠነ ሰው የሰበሰበው መረጃ ይታመናል ወይስ አይታመንም?

ጥያቄውን የወደደው በአእምሮው ብቻ አልነበረም። ያንን ቆላ በወረቀት ያሰፈሩት ሁሉ፣ ግብር አስገባሪውም፣ ድንበር ከላዩም፣ ጦር አዝማቹም፣ ከምድሩ አንድ ነገር ሊወስዱ የመጡ ነበሩ። ውኃውን የሚጠጣው ሰው ራሱ ውኃውን ሲያሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነው ብሎ አሰበ። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ደንብ አወጣ። አንድ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለት ሰው ሊመሳጠር ይችላል፤ ሦስት ሰው ግን በየራሱ መጥቶ አንድ ስፍራ ከቆመ ያ ስፍራ እውነት ነው። በሁለት መቶ ሜትር ክልል ውስጥ የወደቁ ምዝገባዎች እንደ አንድ ውኃ ይቆጠሩ፤ ሦስት ምስክር ያለው ይጽደቅ። በዚህ ሚዛን አንድ መቶ ዐሥራ ሰባት ቁጥር ዐሥራ አራት ምስክር ተገኘለት። ከሳተላይት በተነሳው ምስል ላይም በቦታው የጠቆረ ነገር ይታይ ነበር፤ እርጥበት መሰለው። ያን ቀን ናሁሰናይ ከወንበሩ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተና ብቻውን ፈገግ አለ። ካርታው በመስከረም ታትሞ በየእርሻው ካምፕ ተለጠፈ።

የላሎ ሜዳ ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ናት። ኢንስፔክተር አይናዲስ ቃሏን እንደ ሚስማር መትታ የምታስገባ፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለች ሴት ነበረች።

«መምህር ናሁሰናይ እርስዎ ነዎት? ዘገዩ።»

«መንገዱ ነው እኮ—»

«መንገዱን ይተዉት። መንገድ ቢኖር የውኃው ታንከር በጊዜ ይደርስ ነበር፤ ታንከሩ ቢደርስ ሰዎቹ ከካምፕ አይወጡም ነበር፤ እንዲህ እያልን ብንሄድ መጨረሻችን እግዜር ደጅ ነው። እኔ መክሰስ የምችለው ሰውን ነው።»

የካርታውን ጀርባ ገልብጣ በጣቷ መታችው። እዚያ የክቦቹ ዝርዝር አለ፤ በየቁጥሩ ፊት ቦታውን መጀመሪያ የላከው ሰው ስም ሰፍሯል። አንድ መቶ ዐሥራ ሰባት፤ የማይነጥፍ ጉድጓድ፤ መዝጋቢ ቢሻው። ይህን ስም እዚያ እንዲሰፍር ያደረገው ናሁሰናይ ነው፤ ላመለከተው ሰው ክብር ይሁን ብሎ።

«ሄደን አየነው» አለች አይናዲስ። «ጉብታ ነው። የጠብታ ዘር የለበትም። እንግዲህ ይሄ ሰው ውኃ በሌለበት ቦታ ውኃ አለ ብሏል። ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቶ ለሁለት ሰው ሞት ምክንያት ሆኗል። ነገ ከሰዓት በኋላ ከነክሱ ወደ ወረዳ እልከዋለሁ። ከዚያ በፊት የባለሙያ ቃል እፈልጋለሁ። ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም? አንድ ገጽ ይበቃኛል።»

«ባይዋሽስ?»

«እንግዲያው ይፈታል። እኔ ሽማግሌ ማሰር ደስ የሚለኝ ይመስልዎታል?»

በግቢው ከአንዲት የላሎ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ የደረቀ አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል። ባየልኝ ይባላል፤ ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ፣ ያን ቀን ውኃ ፍለጋ ከወጡት ዘጠኝ ሰዎች አንዱና የክሱ ምስክር ነው። ናሁሰናይ ከጎኑ ተቀመጠና ማን እንደሆነ ሳይናገር ጠየቀው።

«ታንከሩ ሁለት ቀን ቀረ» አለ ባየልኝ። «በርሜሉ ውስጥ የቀረው ዝቃጭ ነው። ካቦው ያችን ወረቀት ከዳሱ ምሰሶ ላይ ገንጥሎ ሰጠና 'ትልቋን ክብ ያዙ፤ ትልቅ ክብ ትልቅ ውኃ ናት' አለን። ሌሊት ወጥተን ረፋዱ ላይ ደረስን። ምንሳ አለ! ድንጋይ። አዛናው ግን እንቢ አለ፤ አላምንም አለ። 'ዐሥራ አራት ሰው ያየው ውኃ ወዴት ይሄዳል? ተደፍኖ ነው' እያለ በእጁ ይቆፍር ጀመር። ጥፍሩ እስኪነቀል ቆፈረ። በመጨረሻ አፈሩን ያላምጥ ነበር።»

ናሁሰናይ ካርታው ያለባትን ቦርሳ ወደ ራሱ ሳባት።

«ሰማኸኝ ደግሞ ስልክ ነበረው። ቁንጮው ላይ ስንወጣ ጥርት አድርጎ ይሠራል። ታንከሩን ሊፈልግ ሸሕዲ ሄዶ ለነበረው ካቦ ደወልን። 'ካላችሁበት ንቅንቅ እንዳትሉ፤ መጣሁ' አለን። ካለንበት ንቅንቅ አላልንም። ትራክተሩ የደረሰው ፀሐይ ስትገባ ነው።» ትንሽ አሰብ አደረገና ቀጠለ። «ሰማኸኝ እስኪሞት ድረስ ስልኩ ይጮህ ነበር። ከአገር ቤት እናቱ ነበሩ። ማን ያንሳው?»

ቢሻው የታሰረባት ክፍል ከጭድና ከጭቃ የተሠራች፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ያላት ናት። ሽማግሌው በክፉው ዘመን ከበለሳ ወርዶ በዚያ ቆላ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ ክንዱ እንደ ደረቀ ሐረግ የተጠማዘዘ ሰው ነው። ናሁሰናይን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ።

«ይቀመጡ ጋሼ ቢሻው። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አሃ። አንተ ነህ እንዴ?» ቢሻው ከላይ እስከ ታች አየው። «ትልቅ ሰው መስለኸኝ ነበር።»

«ጉድጓዱ አለ ወይስ የለም? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ጉድጓዴ? የት ይሄዳል ልጄ! በገዛ እጄ ቆፍሬው፣ ስምንት ክንድ ወርጄበት! በከሪፍ ዝናብም በበጋም ልክ አንድ ነው፤ ከከብት አልፎ ለአውሬ ይተርፋል።»

«ካርታው ላይ ግን ያለው ጉብታው ላይ ነው።»

«ካርታውን እኔ አልሠራሁትም።»

በቃሉ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ስለዚህ ይበልጥ ዘለቀ። ቢሻው ቀጥሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞ ቦታውን አስጽፌላችኋለሁ እኮ» አለው። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አብራኝ የምትመዘግበው ስርጉት ናት የጻፈችልኝ። 'ማስታወሻ' የሚል ባዶ ቦታ አለው አለችኝ። በጉብታው ጀርባ፣ ፀሐይ መግቢያውን ይዞ ቁልቁል፣ ደረቁ ወንዝ ከሚታጠፍበት፣ ከሁለት ላሎ መካከል፤ አንድም ነገር አላስቀረሁም። ዕውር እንኳ እየዳሰሰ ያገኘዋል። አላነበብኸውም?»

ናሁሰናይ አስታወሰ። ማስታወሻ የሚለው ዐምድ ከሠንጠረዡ በስተ ቀኝ ጫፍ ነበር፤ ፊደሉ የተሳሳተ፣ ርዝመቱ ያልተመጣጠነ፣ ሚዛን ላይ የማይወጣ ወሬ። ቁጥር ቁጥርን ይመሰክራል፤ ቃል ግን በምን ይለካል? በአንድ ቁልፍ አጠፋው። ያጠፋበት ከሰዓት በኋላ እንኳ ትዝ አለው።

«አላነበብሁትም» አለ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ከስርጉት ጋር ወደ ጉብታው ተነሡ። ስርጉት በገበያ ቀን ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ የምትሸጥ፣ በፀሐይ ኃይል የሰው ስልክ እየሞላች የምታድር፣ ለዚያ ክብ ከመሰከሩት ዐሥራ አራት ፈቃደኞች አንዷ ናት። አምስት ሊትር ውኃ በጀሪካን ተሸክማ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ አፏም እግሯም አያርፍም።

«ፍጠኑ እንጂ መምህር! ጎንደር ተቀምጦ ውኃ መፈለግ እንዲህ አያደክምም አይደል?»

«አያደክምም።»

«አይዞዎት፤ ሰው አልበላም። ጋሼ ቢሻው ይወጡልኝ እንጂ በእርስዎ ላይ ምን አለኝ! እሳቸው እኮ አንድ መንገደኛ ሳያጠጡ ካለፋቸው ያን ቀን እህል አይቀምሱም። እሳቸውን ነው ሰው ገደሉ የሚሏቸው።»

ሁለቱ ጎን የታጨደ ሰሊጥ ነው፤ ነዶው በየማሳው ተደግፎ ቆሞ አፉን ለፀሐይ ከፍቷል። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጉዞ በኋላ ጉብታው ደረሱ። ድንጋያማ፣ አናቱ በሰደድ እሳት የጠቆረ፣ ከዙሪያው ሜዳ የሠላሳ ሰው ቁመት ያህል ከፍ ያለ ነው። ጥቁሩ ነገር እርጥበት ሳይሆን ዐመድ ነበር። በአንድ በኩል አፈሩ ተጭሮ ጉድጓድ መሳይ ነገር ይታያል፤ ጥልቀቱ ክንድ አይሞላም። ስርጉት አማተበችና ፊቷን አዞረች።

«ይሄን ቦታ ምን ትሉታላችሁ?»

«ሀሎ ጉብታ» አለች። «ድሮ ስም አልነበረውም። ሰው እዚህ ቆሞ 'ሀሎ፣ ሀሎ' ሲል ስለሚውል ነው። በመንደሩ ሁሉ ኔትወርክ የለም፤ እዚህ ግን የእኛውም የሱዳኑም ይገባል። ሙሽራ የሚድረው፣ ሞት የሚያረዳው፣ የሰሊጥ ዋጋ የሚጠይቀው ሁሉ እዚህ ይወጣል።»

ናሁሰናይ ቀስ ብሎ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የባየልኝ ቃል፣ ጥርት አድርጎ ይሠራል ያለው ስልክ፣ አሁን መጥቶ ደረቱ ላይ ቆመ።

«ስርጉት፣ ቅጹን ስትሞሉ የት ነበራችሁ?»

«ውኃው አጠገብ ነዋ! ስንሠለጥን እንደተነገረን።»

«ስትልኩትስ?»

«ውኃው አጠገብ 'ላክ' ስንለው ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራልና ኻላስ፣ ይሞታል። አንዱ እዚህ ወጥቶ ሲልክ ሄደለት። ከዚያ ሁላችንም እየሞላን፣ እሑድ እሑድ እዚህ እየወጣን ላክን። ሥልጠናው ላይ 'ኔትወርክ ስታገኙ ላኩ' ብለውን የለ?» ዐይኑን አይታ ቆም አለች። «ምነው? ሊላክ አይገባውም ነበር?»

ሥልጠናው የተሰጠው ሸሕዲ ከተማ ውስጥ ነበር። እዚያ መሙላትና መላክ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ስልኩ ቦታውን የሚይዘው 'ላክ' ሲባል መሆኑን አሠልጣኙ አልተናገረም፤ ምናልባት አላወቀም። ዐሥራ አራት ሰዎች ዐሥራ አራት ውኃ ይዘው መጥተው ከአንድ ድንጋይ ላይ ላኩት። ናሁሰናይም ያንን ሁሉ ውኃ አንድ ላይ ጨፍልቆ፣ በደረቅ ዐለት ላይ አንድ ታላቅ ጉድጓድ ቆፈረ። ስማቸው መለያየቱን እንኳ አይቶ ነበር፤ 'የቢሻው ጉድጓድ'፣ 'የታችኛው ሀፊር'፣ 'የጅብ መጠጫ'። ለአንድ ስፍራ ብዙ ስም መኖሩ በመጻሕፍት የታወቀ ነው ብሎ አለፈው። ሦስት ምስክር በየራሱ ከመጣ ያለው ደንቡ፣ በየራሱ የሚለውን ቃል አንድ ቀን እንኳ አልመረመረም ነበር። ስሕተት ሲበዛ ክቡ ገዘፈ፤ ክቡ ሲገዝፍ እምነት በዛ።

ስርጉት ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ በቢሻው ስም የላከችውን አሳየችው። ማስታወሻው እሷ እንደጻፈችው እዚያው ነበረ። ያንን እያነበቡ፣ ፀሐይ መግቢያውን ይዘው፣ ቁልቁል ወረዱ። የደረቀው ወንዝ ታጠፈ፤ ሁለት ላሎ ታየ። በመካከላቸው አፉ በድንጋይ የተከበበ ጉድጓድ አለ፤ ከጎኑ የተሰቀለ ገመድና ባልዲ። ስርጉት ቀድታ ሰጠችው። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ሰዓቱን አየ፤ ከጉብታው እዚህ ድረስ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሰማኸኝና አዛናው ካሉበት ንቅንቅ እንዳይሉ ተነግሯቸው ሰባት ሰዓት ሙሉ ጠብቀዋል።

«አሁን ጋሼ ቢሻው ይፈታሉ አይደል?» አለች ስርጉት ሲመለሱ።

«ይፈታሉ። አልዋሹም። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።»

«ሁሉንም ሲሉ?»

«ዐሥራ አራታችሁም ከጉብታው ላይ እንደላካችሁ። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ዋሹ ይባላል፤ ዐሥራ አራት ሰው ግን አንድ ዐይነት ውሸት አይዋሽም። ማስረጃው ብዛታችሁ ነው።»

ስርጉት መንገድ መሐል ቆመች። «ስማችንን አይጻፉት መምህር።»

«ስርጉት—»

«'ሌሎችም እንዲሁ ላኩ' ይበሉ፤ ይበቃል። ስም አይጻፉ። እኛ ወረቀት ላይ ስማችን ሰፍሮ ደግ ነገር አይተን አናውቅም። አንድ ጊዜ ጻፋችሁ፤ ያውላችሁ ጋሼ ቢሻው።»

ትክክል እንደሆነች አንድ ነገር በውስጡ ነገረው። ነገር ግን ሃያ ዓመት ያስተማረው ትምህርት ከዚያ ነገር ይልቅ ጮኾ ተናገረ፦ ማስረጃ የሌለው ቃል ወሬ ነው። አይናዲስ በወሬ ሰው አትፈታም። ደግሞም፣ ይህን ለራሱ እንኳ በግልጥ አላለውም፣ ከእንግዲህ አንዲት ነገር ማጥፋት አልፈለገም። አንድ ጊዜ አንድ ዐምድ አጥፍቶ ያመጣውን አይቷል። ሁሉም ይጻፍ።

ከቀትር በኋላ በጣቢያው በረንዳ ተቀምጦ ሦስት ገጽ ጻፈ። በዕድሜው ከጻፈው ሁሉ እውነተኛው ነገር ይህ ነበር። ስልኩ ቦታውን መቼ እንደሚይዝ፣ ፈቃደኞቹ ያንን የማወቅ ግዴታም ዕድልም እንዳልነበራቸው፣ ማስታወሻዎቹ ትክክል እንደነበሩና ያጠፋቸው ገምጋሚው መሆኑን፣ ደንቡ የማን እንደሆነ፣ ስለዚህም ጥፋቱ የገምጋሚው የናሁሰናይ እንጂ የመዝጋቢው የቢሻው እንዳልሆነ አብራርቶ ፈረመ። በዐባሪነት ዐሥራ አራቱን ስም ከነመንደራቸው፣ ከነላኩበት ቀን ዘረዘረ።

አይናዲስ ሦስቱን ገጽ ቀስ ብላ አነበበች። ዐባሪውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ።»

«ነው።»

«ልሰርዎት?»

«ይገባኛል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ድካም ያለበት ፈገግታ። «መምህር፣ 'የተሳሳተ ደንብ አወጣ' የሚል አንቀጽ የለኝም። 'ሐሰተኛ መረጃ ሰጠ' የሚል ግን አለኝ። እርስዎ መረጃ አልሰጡም፤ መዘኑ። መረጃ የሰጡት እነዚህ ናቸው።» ጣቷ ዐባሪው ላይ ወረደ። «ከጉብታው የላከው አንድ ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ዐሥራ አራት ናቸው። እሑድ እሑድ፣ ከአንድ ቦታ፣ ተሰብስበው።»

«ተሰብስበው አይደለም! ኔትወርኩ—»

«ጽፈዋል፤ አንብቤዋለሁ። እኔ አምኜዎታለሁ። ወረዳ ላይ ያለው ሰው ግን ይሄን ወረቀት አይቶ፣ ዐሥራ አራት ሰው በሐሰት ተስማምቶ አንዱን ብቻ ለምን ጠራሽ ይለኛል። እውነት በሙሉ ይጻፍ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ገጹን ይመልሱልኝ። ዐባሪውን ላውጣው።»

«መዝገብ ላይ ሰፍሯል» አለችና ማህተሟን አነሣች።

የቀሩት ዐሥራ ሦስቱ በሦስተኛው ቀን መጡ። ማንም አልያዛቸውም፤ ተጠርታችኋል ሲባሉ በየእግራቸው መጡ። ስልኮቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ቻርጀሩን እንኳ ሳያስቀሩ፣ አንዳንዶቹ ፕሮጀክቱ የሰጣቸውን ባርኔጣ አድርገው ነበር፤ ሹም ፊት ሲቀርቡ ያላቸውን ደህና ነገር መልበስ ልማዳቸው ነው። ናሁሰናይ በየተራ ቃላቸውን ሲሰጡ በረንዳው ላይ ቆሞ ሰማ። ሁሉም አንድ ነገር ተናገሩ፤ ውኃው አለ፣ እዚያው ነው፣ ኑና እናሳያችሁ። አንድም ሰው ስለ ናሁሰናይ አልተናገረም። ስርጉት ባጠገቡ ስታልፍ ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገች፤ እንዳይነካት።

ሲመሻሽ አይናዲስ የቻለችውን አደረገች፤ ይህን ናሁሰናይ በኋላ ሲያስብ አልካዳትም። ወደ ወረዳ ዐሥራ አራት ሰው ከመላክ ይልቅ ጉዳዩን በማስጠንቀቂያ ዘጋችው። ስልኮቹ ተሰበሰቡ። በአንድ ወረቀት ላይም ግዴታ ተጻፈ፦ ከዛሬ ጀምሮ ያልተረጋገጠ የውኃ ቦታ ለማንኛውም ሰው በጽሑፍም ሆነ በቃል ብናመለክት በሕግ ተጠያቂዎች ነን።

«የሚያረጋግጠው ማነው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«የሚመለከተው አካል።»

«እሱ ውኃውን ያውቀዋል?»

አይናዲስ የቀለሙን ሣጥን ከፈተች። ቢሻው መጀመሪያ ተጠራ። ከክፍሉ ሲወጣ ብርሃኑ ዐይኑን ወጋው፤ ጣቱን ቀለሙ ላይ አድርጎ አሻራውን አተመና ወደ ናሁሰናይ ዞረ።

«ፈታኸኝ ልጄ» አለው። «እግዜር ይስጥህ።» ስላቅ ይሁን ምርቃት ከፊቱ ላይ አልተለየም።

«ጋሼ ቢሻው፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ካርታው ገና በየካምፑ ተሰቅሏል። ማስታወሻዎቹን አጥፍቻለሁ፣ ስልኮቹም ተይዘዋል፤ የቀሩትን ዐሥራ ሦስት ውኃዎች ቦታ ካልነገራችሁኝ ላርመው አልችልም። ማስታወሻውን አብረን እንጻፈው፤ በእኔ ስም።»

ሽማግሌው የጠቆረ ጣቱን በሱሪው ጠረገ። አልለቀቀም። «አሁን ምን ብዬ እንዳተምሁ አነበብህልኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ?»

ከጣቢያው ሲወጡ ከሸሕዲ አቅጣጫ አንድ ትራክተር ሠራተኞች በተሳቢ ጭኖ መጣና ከግቢው ማዶ ቆመ። ሃያ ያህል የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ማጭድ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ፊታቸው በአቧራ ነጭ ሆኖ። አንዱ ዘሎ ወረደና ወደ ሰዎቹ መጣ።

«ጤና ይስጥልን አባቶች። ወደ ታችኛው እርሻ ነን፤ ማሽላ ልንቆርጥ። ከዚህ ወዲያ ውኃ የት እናገኛለን?»

ዐሥራ አራቱም ሰምተዋል። ማንም ወደ ማንም አልተመለከተም። አንዱ ጫማውን ያጠብቅ ጀመር፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰውየው ወደ ቢሻው ቀረበ፤ ከሁሉም ሸምግለዋልና።

«አባቴ፣ እርስዎ ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለ ሽማግሌው። «የዚህ አገር ሰው አይደለሁም።»

ናሁሰናይ አፉን ከፈተ። የሚያውቀው ጉድጓድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሊናገር ወደ ፊት ሲራመድ ትራክተሩ ጮኸ፤ ሾፌሩ እጁን እያወናጨፈ ሰውየውን ጠራው። «ጉብታ አለ» አለ ናሁሰናይ ከኋላው እየተከተለ፣ «በጉብታው ጀርባ፣ ቁልቁል...» ሰውየው ግን ይህን የከተማ ልብስ የለበሰ፣ ላብ ያጠመቀውን ሰው አንድ ጊዜ አየና፣ ምን ያውቃል ብሎ ይሆናል፣ ፊቱን አዞረ።

ስርጉት ብቻ ሮጣ ሄደች። ከመደብሯ ሁለት ሙሉ ጀሪካን አምጥታ ለተሳፋሪዎቹ አቀበለቻቸው፤ ዋጋም አልተቀበለች። ከየት እንደቀዳችው ሲጠይቋት ሳትነግራቸው ወደ መደብሯ ተመለሰች።